አማት አይፈተሹም

ማውሱን ተጫነ፤ ፎልደሩ አልተከፈተም። ደግሞ ተጫነ። የመቶ አርባ ተማሪዎች የምረቃ መጽሔት የነበረበት ቦታ ላይ ጠማማ ቀስት የለጠፈች ትንሽ ምልክት ተቀምጣለች። ሌሎቹን ፎልደሮች ሞከረ። ሁሉም ቀስት አብቅለዋል። የኅትመት ቤቱ ባለቤት ሰዓቱን አየ። መጽሔቱ ሦስት ሳምንት ተለፍቶበታል፤ ትምህርት ቤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል።

"ምን ሰካህ?" አለች ታናሽ እህቱ፣ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዋ ቀና ብላ።

"ምንም።"

"ምንም ሳትሰካ ነው ፊትህ አመድ የመሰለው?"

እህቱን ደንበኞች "ጉምሩክ" ይሏታል። ጠረጴዛዋ ላይ ከሌሎቹ ጋር ያልተገናኘ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ማንም ሰው ፍላሽ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ይሰካል፣ ይፈተሻል፣ የታመመው ይታከማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትልቁ ኮምፒውተር የሚያልፈው። ጠበቃ ሆነ ነጋዴ፣ ቸኩያለሁ ያለ ሆነ የተቆጣ፣ ከእሷ እጅ ያመለጠ የለም። ወንድሟ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የሰፈሩ ሰው "አቶ እሺ" የሚለው በከንቱ አይደለም፤ "አይሆንም" የሚለውን ቃል ከአፉ የሰማው ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጥፋቱ የተፈጸመው ጠዋት፣ ጉምሩክ ወረቀት ልትገዛ በወጣችበት ሰዓት ነበር። አማቱ መጡ። አማቱ ሠላሳ ስድስት ዓመት በማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ወገባቸው እስከ ዛሬ ቀጥ ያለ፣ ሰፈሩ በሙሉ "ሲስተር" ብሎ ከመንገድ ገለል የሚልላቸው ሴት ናቸው። ከድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር የተነሷቸውን ስድስት ፎቶዎች እንዲያትምላቸው ፍላሻቸውን ዘረጉለት።

የአማት ፍላሽ ይፈተሻል እንዴ? የአማትን ቦርሳ ከመበርበር በምን ይለያል? እሺ ብሎ ትልቁ ላይ ሰካው። ወዲያው አንቲቫይረሱ ቀይ መስኮት ከፍቶ መጮህ ጀመረ። ሲስተር ከትከሻው በላይ ቆመዋል። ኮምፒውተሩ አማቱን ፊት ለፊት የሰደበበት ያህል አፈረና "ዝለለው" የሚለውን ቶሎ ተጫነ። ፎቶዎቹን አትሞ፣ በፖስታ አድርጎ፣ እስከ በር ሸኛቸው። እንዴት ያለ አማች ነው ያሰኛል።

አሁን ጉምሩክ ተነሥታ መጣች። መጀመሪያ ትልቁን ኮምፒውተር ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ነቀለች። ከዚያ ወንድሟን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"ጠፍቷል?" አላት።

"እስኪ ዝም በል።"

አንቲቫይረሱ እስኪጨርስ አቶ እሺ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ውሃ ቀዳ፣ ሳይጠጣው አስቀመጠው። መቶ አርባ ልጆች "መልካም ምኞት" ብለው የጻፉትን ሁሉ ከየት አምጥቶ እንደገና ይጽፈዋል? ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ እህቱ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ትእዛዝ ስትሰጥ፣ ስክሪኑ ላይ ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ።

"ቫይረሱ አላጠፋውም። ደብቆት ኖሯል" አለች። "አንተ የራስህን ፎልደር የከፈትክ እየመሰለህ የእሱን ወጥመድ እንድትጫን ነው ቀስቱን ያስቀመጠልህ።"

መጽሔቱን ከፈተችው። ልጆቹ በሙሉ ጥርሳቸውን ገልጠው እየሳቁ ነው። አቶ እሺ ደስታው አላስቆም አለውና የእህቱን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን ሳማት።

"ተው፣ አታቅልጠኝ። የይለፍ ቃሎቻችንንም ሳይሰልል አይቀርም፤ ሁሉንም እንቀይራለን። አሁን እውነቱን ንገረኝ። የማን ፍላሽ ነው? ልቆጣህ አይደለም። ያ ፍላሽ ይኼኔ ሌላ ቦታ ሊሰካ ነው።"

"የእማዬ" አለ ወለሉን እያየ። "የባለቤቴ እናት።"

ጉምሩክ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ሲስተር? ወዴት ሄዱ?"

ያኔ ነው ነገሩ የገባው። በሩ ላይ ሲሰናበቱት ምን እንዳሉት ትዝ አለው። ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ ልጃቸው ነው የሄዱት። ሚስቱ እዚያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ፎቶዎቹን በእሷ ኮምፒውተር በትልቁ ሊያዩ ተቀጣጥረዋል።

"የበሽተኛው ቀጠሮ፣ የምርመራው ውጤት፣ ሁሉም ያለው እዚያ ላይ ነው" አለች እህቱ።

ለሚስቱ ደወለ። አታነሳም፤ በሥራ ሰዓት ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ነው። የካርድ ክፍሉን ቁጥር ሞከረ፤ ተይዟል።

"አንቺ ሂጂና በሆነ ዘዴ..."

"እኔ እስክደርስ ይሰካል። ለሲስተር ደውል።"

"ምን ልበላቸው? ፍላሽዎ ታሟል ልበላቸው?"

"አዎ።"

ስልኩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። በዘጠኝ ዓመት ትዳሩ አማቱን አንዲት ቃል ተናግሮ አስከፍቷቸው አያውቅም። "የኔ አማች ከአፉ ክፉ አይወጣም" እያሉ በየሄዱበት ያወሩለታል፤ ይህን ሲሰማ ደስ እንደሚለው መካድ አይችልም። ዛሬ ያ ሁሉ ስም ሊያልቅ ነው። ቢሆንም የካርድ ክፍሉን ወረፋ አሰበ፤ እርጉዞቹን፣ አዛውንቶቹን። ደወለ።

"እማዬ፣ ፍላሹን ሰኩት እንዴ?"

"ገና ደረጃውን እየወጣሁ ነው። ምነው ልጄ?"

"እንዳይሰኩት። ቫይረስ አለበት። የእኛን ኮምፒውተር አበላሽቶብን ነበር።"

ከወዲያ በኩል የእርምጃቸው ድምፅ ቆመ።

"የኔ ፍላሽ?"

"አዎ እማዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"መቼ አወቅህ?"

"ሲሰካ ኮምፒውተሩ ነግሮኝ ነበር። እርስዎ ፊት አፈርኩና ዘለልኩት።"

አቶ እሺ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"ስማኝ አንተ ልጅ" አሉ ሲስተር። "ማዋለጃ ክፍል ስሠራ የሆስፒታሉን ዳይሬክተር እጁን ስላልታጠበ ከበር መልሼዋለሁ። ሚስትህን የወለድኩ ቀን የገዛ ባሌን በዚህ ጫማ አትገባም ብዬ ኮሪደር ላይ አስቁሜዋለሁ። እኔ ማን ሆኜ ነው ሳልፈተሽ የገባሁት?"

"አማቴ ነዎት እኮ፣ እማዬ።"

"አማትነት ጀርም ይገድላል?"

ከዚያ ያልጠበቀውን ሰማ፤ ሲስተር ደረጃው ላይ ቆመው ይስቁ ጀመር። እሱም ሳቀ።

"ከዚህ ፍላሽ አምስት ጓደኞቼ በየፍላሻቸው ቀድተዋል" አሉ ሳቃቸው ሲያበቃ። "ማንም ቤቱ እንዳይሰካ አሁኑኑ እደውላለሁ። ሁሉንም ወደ አንተ ነው የምልካቸው።"

መጽሔቱ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ታትሞ ሄደ። ቀለሙ እንኳ ያማረ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጡረተኛ ነርሶቹ ፍላሽ ፍላሻቸውን በመሀረብ ጠቅልለው መምጣት ጀመሩ። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ስለ ድሮ የማታ ተረኝነታቸው እያወሩ ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ጉምሩክ የመጀመሪያውን ፍላሽ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ስትሰካ አንገታቸውን አስግገው፣ የምጥ ክትትል ላይ እንዳሉ ሁሉ ስክሪኑን ያያሉ።

ሲስተር መጨረሻ ላይ መጡ። አግዳሚው ሞልቷል። አንደኛዋ ጓደኛቸው "አንቺማ የቤቱ ሰው ነሽ፣ ምን ያስቆምሻል፣ እለፊ" አሏቸው። ሲስተር ፍላሹን ለአማቻቸው ዘረጉና ዓይን ዓይኑን ያዩት ጀመር።

አቶ እሺ እጁን ዘረጋ። "እሺ" የምትለዋ ቃልም ምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር። ዋጣት። እጁን ሰበሰበና የራሱን ወንበር ከትልቁ ኮምፒውተር ፊት አንስቶ አምጥቶ፣ አግዳሚው መጨረሻ ላይ፣ ከአምስቱም ኋላ አስቀመጠው።

"እማዬ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ" አለ። "ስድስተኛ ነዎት።"