ለእንግዳ ሙዚቃ አይከፈትም

...እግሩ ግን እምቢ ይላል፣ የወርዋሪዎች መጠበቂያው በር ተከፍቷል፣ አሰልጣኙ ከወዲያ ማዶ ክንዱን መታ መታ እያደረገ ኤፍራይንን አምጡልኝ ብሏል፣ ሦስቱም የቤዝቦል ማዕዘን ላይ የባላጋራ ሯጭ ቆሟል፣ ቡድኑ የሚመራው በአንዲት ነጥብ ነው፣ አንድ መቺ ብቻ አስወጥቶ ጨዋታውን መዝጋት፣ ሥራው ይኼ ነው፣ እና ኤፍራይን፣ የሠላሳ ስድስት ዓመቱ ወርዋሪ፣ በየትኛው እግሩ እንደሚጀምር ጠፍቶታል። በቀኝ? በግራ? ሰው እንዴት ነው የሚራመደው?

በዘፈኑ ነዋ። አሥር ዓመት ሙሉ እዚሁ አሬሲቦ ሜዳ ላይ በዘፈኑ ነው የተራመደው፣ ከበሮው ዱም ዱም ሲል ከበሩ ይወጣል፣ ጥሩምባው ሲገባ ሣሩን ያጋምሳል፣ ቢቱ ሲፈነዳ መወርወሪያው ጉብታ ላይ ነው፣ አምስት ሺህ ሰው እየዘለለ፣ ክንዱም ያኔ ክንድ ይሆናል። ደግሞ እኮ ዘፈኑን አይወደውም፣ እሱ የቦሌሮ፣ የቀስታ የፍቅር ዘፈን ሰው ነው፣ ይህን የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ፣ ይህን የማሽን ጋጋታ ቤቱ ቢከፍቱበት ራሱን ያመዋል። ጥፋቱ የኔሬይዳ ነው፣ እላይ መስታወት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ የሜዳውን ሙዚቃ የምትከፍተው ሴትዮ፣ የመጀመሪያ ቀኑ ቦሌሮ ብሎ ነግሯት ተሳስታ ሌላ ቁልፍ ተጫነች፣ እሱም በንዴት ሦስት መቺ በዘጠኝ ኳስ ሸኘ፣ በቃ፣ ያሸነፉበትን ካልሲ እንኳን የማያጥቡ ሰዎች መሀል ዘፈን ይቀየራል? ሞኝ ነው የሚቀይር።

አሁን ማልያው የሌላ ከተማ ቡድን፣ የኡማካዎ ነው። አሬሲቦዎች አርጅተሃል ብለው ለቀቁት፣ ኡማካዎ አነሳው፣ በኡማካዎ ሜዳ ዘፈኑን ይከፍቱለታል፣ ሰው ሜዳ ሲሄድ ግን ደንቡ ደንብ ነው፣ ለእንግዳ ሙዚቃ አይከፈትም። ሁለት ጊዜ በዝምታ ገባ፣ ሁለቱንም ጊዜ ኳሷ አንዴ ሰማይ አንዴ ምድር። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ አሰልጣኙ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ፣ ወንድሜ፣ ነገም እንደዛ ከሆነ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው፣ አትቀየመኝ። የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ዘፈን ካልተከፈተልኝ መወርወር አልችልም ይበል?

ጠዋት ሄዶ ኔሬይዳን ለመናት፣ አሥር ሰከንድ ብቻ፣ ተሳስቼ ነው በያቸው፣ አንዴ ተሳስተሽ የለ፣ እሷ ጥብሷን እየገመጠች፣ ከሄድክ ወዲህ አንድ ቀን ስልክ ደውለህልኛል? እንዴት ነሽ ብለኸኛል? እዚህ እንግዳ ነህ፣ አልከፍትም፣ ና ብላ ይልቅ፣ ከስተሃል። ግማሹን አጎረሰችው። በላ። ጣፈጠው ደግሞ።

በግራ። በግራ ይጀምር በቃ። አንድ፣ ሁለት፣ ጫማው ሣሩ ላይ ሲንሿሿ ይሰማዋል፣ ደስ አይልም፣ ሦስት፣ አራት፣ ከጥላው በኩል ከተቀመጡት ተመልካቾች አንዱ በአፉ ይጀምራል፣ ታ ታራ ታ፣ የሱን ጥሩምባ፣ ለማሾፍ፣ አያ ሽማግሌ ዘፈንህን የት ጣልከው፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድስት ይዞ የመጣ ድስቱን፣ ቃጭል ያለው ቃጭሉን፣ ሙሉ ሜዳው በአፉ እየነፋ ነው፣ ያውም አፍጥነውት፣ እግሩ ሊደርስባቸው ይጣደፋል፣ ሠርግ የረፈደበት ሚዜ ይመስላል፣ ጉብታው ላይ እያለከለከ ሲደርስ ሳቁ አመለጠው። እነዚህ ሰዎች። ናፍቀውት ነበር ለካ።

ወረወረ። ገባች። ወረወረ፣ ገባች፣ መቺው አየር ገረፈ። ሦስት ከገባች መቺው ይወጣል፣ አንድ ብቻ ቀረች፣ ታራ ታ፣ ታራ ታ፣ ከዛ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ቆመው ይጮኻሉ፣ ዝም በሉ እናንተ ደንቆሮዎች፣ እያገዛችሁት እኮ ነው።

እና ዝም አሉ። አምስት ሺህ ሰው። ድስቱም ቃጭሉም።

ኳስ፣ ውጪ። ሁለተኛዋ አፈር ላይ። ሦስተኛዋ ከመቺው ራስ በላይ፣ አንድ ከደገመ መቺው በነፃ ያልፋል፣ አንዱ ሯጭ ተገፍቶ ይገባል፣ ነጥቡ እኩል ይሆናል፣ ሻንጣ፣ ቤት፣ አባዬ ለምን መጣህ። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ዘፈኑን በልቡ ይጠራዋል፣ አይመጣም፣ ዝምታው ብቻ፣ ከበድ ያለ፣ ጥብስ የሚሸጠው ሰውዬ ዘይት ሲንጣጣ እንኳ ይሰማል፣ ቆይ ግን፣ አሬሲቦ መቼ ነው ዝም ብሎ የሚያውቀው? እዚህ ከተማ ቀብር ላይ ይወራል፣ ቅዳሴ ላይ ይወራል፣ ቄሱ ለምነው ለምነው የተዉት ነገር ነው፣ ዛሬ አንድ ሰው አያስልም፣ ለማን ሲባል? ለእሱ። አርጅቷል ላሉት። የማይረባ ወርዋሪ ቢሆን እየሳቁ ይጠብቁት ነበር፣ ማን ለማይረባ ሰው ትንፋሹን ይውጣል? ፈርተውታል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ክፉኛ ፈርተውታል፣ ትከሻው እየላላ፣ ጣቶቹ የኳሷን ስፌት እያገኙ፣ ምንም አልቆጠረም፣ ለቀቃት

ጧ። የተቀባዩ ጓንቲ ውስጥ፣ መሀል ለመሀል፣ መቺው ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ። እንዲህ ያለ ድምፅ ነበራት እንዴ? ዳኛው መቺው ወጥቷል ብሎ እጁን ገና ሊያነሳ ነው፣ ግን ሁሉም ሰምቷል፣ እላይ መስታወት ክፍል ድረስ ሳይሰማ አይቀርም፣ አሬሲቦ አሁንም ጭጭ እንዳለ ነው፣ እሱም ጉብታው ላይ ብቻውን ቆሞ ዝም ብሎ ይስቃል።