የአሮጊቷ ጓዳ

«ካርታ ይዘው የሚዞሩት ሌቦች ናቸው፤ ማጥመጃ ቦታችንን ለለንደን ሀብታሞች ሊሸጡት ነው።»

ይህን ወሬ አጎቴ ኤምሪስ በመጠጥ ቤቱ፣ በጸሎት ቤቱ ደጅ፣ በዓሣ ጥብስ ቤቱ ወረፋ ላይ ሲደጋግመው ከረመ። ከማን ሰማህ ሲሉት «ሁሉም ያውቃል» ይላል። ሁሉም ያወቀው ከእሱ ሰምቶ ነው።

የሰቨርን ባሕር በየቀኑ እንደ ልማዱ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ፣ መሃል ላይ የሚቀረውን ጥልቅ ውሃ የአሮጊቷ ጓዳ እንለዋለን። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ወደ ወንዙ ሲወጣ እዚያ ያርፋል። አጎቴና ጓደኞቹ እስከ ወገባቸው ገብተው ይቆሙና ዓሣው ውሃውን ሲሰነጥቅ ሮጠው በእጅ መረብ ይቀልቡታል። ሕጉ መልሳችሁ ልቀቁ ስላላቸው ደግሞ ይለቁታል። ቦታውን ለባዕድ መናገር ግን ዛሬም ከስርቆት ይከፋል። አባት ለወንድ ልጁ በጆሮው ይነግረዋል፤ ለሴት አይነገርም። እኔ በዓይኔ አይቼ አወቅሁት። ጭቃ ላይ ቆመው የሚጮሁ ሽማግሌዎች ምን ምስጢር አላቸው?

ያኔ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መብራት የሚያመነጭ ግድብ ሊሠራ ነበር። የብረት ፋብሪካው መብራቱን ፈለገ፤ የወፍ ወዳጆች ማኅበር ወፎቹ የሚመገቡበትን ጭቃ ፈለገ፤ ግድቡን የሚሠራው ኩባንያ ሁለቱንም አቅፎ ፎቶ መነሳት ፈለገ። ለዚህም ኢሞጀን የምትባል አጥኚ ላከ፤ ካርታ ይዛ፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቦት ጫማ አድርጋ መጣች።

«ጋሼ ኤምሪስ፣ ዓሣው የሚያርፈው የት ነው?»

አጎቴ ድንጋያማውን ዳር አሳያት። እዚያ ከሸርጣን በቀር ምንም የለም። «እዚያ ነዋ! ሞልቶ ተርፎ።»

«ይሄ ጥልቁስ?»

«ይሄማ ባዶ ነው፣ እመቤት። የሞተ ውሻ እንኳ አይንሳፈፍበትም።»

ጓደኞቹ በአንድነት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

«አጎቴ፣ ለምን እንደምትጠይቅ አትጠይቃትም?» አልኩት።

«ሌባ ለምን መጣህ ይባላል እንዴ?»

«ሌባ ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ አይመጣም።»

«አንቺ! መጽሐፍ ያነሳሽ ለታ ነው የተበላሸሽው።»

ኢሞጀንን መንገድ ላይ ደርሼባት «የነገሩሽን አትመኚ፤ ዓሣው ያለው ጥልቁ ውስጥ ነው» አልኳት። በትሕትና ፈገግ አለችልኝ።

«የኔ እህት፣ እነሱ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ናቸው።»

ሽማግሌ አክባሪ ምሁር! ይብላኝ ለዓሣው።

በፀደይ የኩባንያው ጀልባዎች የግድቡን ድንጋይ ተሸክመው መጡና ጓዳው ላይ ይደፉት ጀመር። አጎቴ ጭቃው ጫማውን ቢያስቀርበትም በካልሲው ሮጠ።

«አቁሙ! ዓሣው እዚህ ነው! እዚሁ ነው!»

ውሃው ግን ተደፍኖ ነበር። ኢሞጀን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ ኤምሪስ፣ ግድቡ መጀመሪያ የታቀደው እኮ ድንጋያማው ዳር ላይ ነበር። ለዓሣችሁ ብለን ነው ወደዚህ ያዛወርነው።»