አልመለስ ያለው ቾክ

ጥቅምት ሊጋመስ ነው፤ የመጂዳ ሰሊጥ ማሳው ላይ አፉን መክፈት ጀምሯል። ዛሬ ካልታጨደ ነገ ነፋስ ያራግፈዋል። እሷም ሱብሂን ሰግዳ ወጥታ፣ ለሥራ ወደ ቆላው ከወረዱት ስድስት አጫጆች ለምና አምጥታ አሮጌዋ ፒካፕ ላይ ጭናለች። ፒካፗ ግን አልነሳም አለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚን ለማብዛት የሚሳበው የቾክ እጀታ ወጥቶ ቀርቷል።

"ቾኩን መልሰው እንጂ!" አለችው ልጇን ዑበይዳን።

"አልመለስ አለ እኮ እማ! ስስበው ወጣ፣ ስገፋው ንቅንቅ አይል።" ሚስት ያገባ ጎልማሳ ነው፤ እናቱ ስትቆጣው ግን ላብ ያጠምቀዋል። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ዝም አለ። ጋቢናው በቤንዚን ሽታ ታፈነ።

"ያረቢ፣ ምን አድርጌህ ነው?" አለች መጂዳ፤ ወዲያው ደንግጣ "አስተግፊሩላህ" አለች። ከዚያ ንዴቷን ወደ ልጇ አዞረችው። "አንተ ነህ! በግድ እየጎተትክ ያበላሸኸው። በአባትህ ጊዜ እምቢ ብላ ታውቃለች?"

"አባየም ይሰድባት ነበር። አንቺ ስለማትሰሚ ነው።"

ደምለው የሚባል የጎጃም አጫጅ ከኋላ ሆኖ ሳቀ። "እትየ፣ ወርደን ብንገፋትስ?"

"ገፍታችሁ የት ልታደርሷት? ማሳው ሩቅ ነው!"

ዑበይዳ ኮፈኑን ከፈተና የቾኩ ሽቦ የሚያልፍበትን የካቦ ጫፍ ከካርቡራተሩ በፒንሳ ፈታው። ደምለው ጋቢና ገብቶ ሽቦውን በቾኩ በኩል ቢጎትት፣ ቢጎትት እሺ አላለም። ይህን ጊዜ የሌላ ባለማሳ ትራክተር ተሳቢውን እያንቋቋ መጣ። ሾፌሩ ሳይወርድ "አጫጅ አለ?" ብሎ ጮኸ። ከስድስቱ አጫጆች ሦስቱ ዘለው ወረዱ።

"ቃል ሰጥታችሁኝ!" አለች መጂዳ።

"እትየ፣ ፀሐዩ እኮ ወጣ" አሏት፤ ሄዱ።

እነሱ ሲሄዱ ሽቦው ተመዞ ወጣ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሙጫ ለብሷል። ዑበይዳ አሸተተው። "ይሄማ የሰሊጥ ዘይት ነው! ማነው ካቦ ውስጥ የሰሊጥ ዘይት ያፈሰሰ?"

ክረምት ላይ ቾኩ ሲከብድባቸው ከማድ ቤት ጠርሙሱን አምጥታ ጠብ ጠብ ያደረገችበት መጂዳ ናት። በር ሲጥ ሲጥ ሲል የምትቀባው እሱኑ ነው። ያን ቀንማ ለስልሶላት ደስ ብሏት ነበር። የመንገዱ አቧራ ገብቶ እንዲህ ያቦካዋል ብላ መች አሰበች?

"እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"እኔ ነኝ አልኩህ! ቢስሚላህ ብየ ነው ያፈሰስኩት።"

"ቢስሚላውስ ደግ ነበር፤ ዘይቱ ነው እንጂ" አለ ዑበይዳ። ደምለው እንዳይስቅ አፉን በእጁ ያዘ።

ሽቦውን በቤንዚን አጠቡት፣ የሞተር ዘይት ቀብተው መለሱት፣ በቤንዚን ርሰው እሳት አልሰጥ ያሉትን ካንዴላዎች አደረቁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪናዋ ተነሳች። አጫጆቹ ግን ሦስት ብቻ ቀርተዋል፤ ማሳው የስድስት ሰው ነው።

መጂዳ ቤት ገብታ ማጭድ ይዛ ወጣችና ጋቢና ተቀመጠች።

"አንቺ ደግሞ የት ነሽ?" አላት ልጇ።

"አራተኛዋ አጫጅ ነኝ። ንዳ፤ ያለ ጥፋትህ የተቆጣሁህን መንገድ ላይ አፉ ትለኛለህ።"