ተከታዩን የተከተለችው

የገሊላ እንጀራ ሠርግ መቅረጽ ነበር። ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ ከአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ሚዜ ስታሰልፍ፣ ሙሽራ ስታስቅ ትውላለች። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ የራሷን አጭር ፊልም መሥራት አማራት። አንዲት ሴት በሄደችበት ሁሉ ሰው ይከተላታል። ለወራት አቀርቅራ ትሄዳለች። አንድ ቀን ግን ዞር ትልና ተከታዩን ራሷ መከተል ትጀምራለች፤ ሻይ ሲጠጣ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፣ እስከ ደጃፉ ድረስ ትሸኘዋለች፤ በመጨረሻ እሱ በሩን ይዘጋባታል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ሴቲቱን የምትጫወተው ጓደኛዋ ዘቢባ ናት፤ ጀጎል ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጨርቅ የምትሸጥ። ተከታዩን እንዲጫወቱ ደግሞ ጎረቤቷን ጋሽ ሀብተወልድን ለመነቻቸው፤ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ጋዜጣ በብብታቸው ሸጉጠው ሲመጡ ዘቢባ ሳቋ አመለጣት።

«ወላሂ፣ ለዚሁ የተፈጠሩ ይመስላሉ!»

ጋሽ ሀብተወልድ አልሳቁም።

ሦስት እሑድ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ቀረጹ። በአራተኛው ሳምንት የፎቶ ቤቱ ባለቤት ገሊላን ወደ ጓዳ ጠራት። «ሰዎች መጥተው ነበር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፊልሙ መጨረሻ ላይ ሰውዬው በሩን ይዘጋባታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቄ?»

መጨረሻው ገና አልተቀረጸም። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ እሷ፣ ዘቢባና ጋሽ ሀብተወልድ።

ከዚያ ወዲያ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ባጃጅ ከኋላዋ ሲዘገይ ያገኘችው ሱቅ ትገባለች፤ የዘወትር መንገዷን ትታ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች። የዚያ ቅዳሜ ሙሽሮች ቀለበት ሲያጠልቁ የእሷ ካሜራ እንግዶቹን አንድ በአንድ ሲበረብር ተገኘ። እሑድ ጠዋት አላስቻላትም፤ የጋሽ ሀብተወልድን በር አንኳኳች። ገና አፏን ሳትከፍት ቀደሟት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ ዓመት ሆነኝ። ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የቀበሌ ሰዎች ስለ መንደሩ ሰው በየሳምንቱ ካልጻፍክ እሱን እናባርረዋለን አሉኝ።»

«ስለ እኔ ምን ብለው ጻፉ?»

«ያየሁትን ብቻ። ስንት ሰዓት እንደወጣሽ፣ ከማን ጋር እንደሄድሽ። ክፉ ቃል አልጨመርኩም።»

«ክፉውንማ እነሱ ይጨምሩበታል!» ብላ በሩን ድርግም አድርጋ ዘግታ ወጣች።

ገሊላ ነገሩን ለዘቢባ ነግራ፣ ተከታዩን የሚጫወት ሌላ ሰው እንፈልግ አለቻት። «ሌላ ሰው ብናመጣ፣ እሱስ አለመጻፉን በምን እናውቃለን?» አለች ዘቢባ። «እሳቸው ቢያንስ በአፋቸው ነገሩን።»

ገሊላ እየከበዳት፣ የመጨረሻውን ትዕይንት ለመቅረጽ ጋሽ ሀብተወልድ ደጃፍ ላይ ካሜራዋን አነሳች። ዘቢባ በሩን አንኳኳች፤ ጋሽ ሀብተወልድ ከፈቱ። በፊልሙ ጽሑፍ መሠረት አሁን መዝጋት ነበረባቸው። እሳቸው ግን ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ።

«ግቢ» አሏት። «ያን ያህል ቀን ስከተልሽ እንደምን አደርሽ እንኳ ብዬሽ አላውቅም።»

ገሊላ መቅረጿን አላቆመችም።

ፊልሙን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዘቢባ ቤተሰቦች ቤት አሳዩ። ዘመድና ጎረቤት ምንጣፍ በለበሰው መደብ ላይ ተደርድሮ ነበር። ካልተጠሩት መሐል ደግሞ የቀበሌው ሰው ለገሠ በሩ ጥግ ተቀምጧል። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ለገሠ ብድግ አለ።

«ሀብተወልድ፣ ሰኞ ይሄን ሁሉ ጽፈህ ታመጣለህ።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ጋሽ ሀብተወልድ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ከእንግዲህ አልጽፍም። አንተም አብረኸን አይተሃል፤ ራስህ ጻፈው።»

ሰኞ ገሊላንና ጋሽ ሀብተወልድን ወስደው አሰሯቸው። ገሊላ በሁለተኛው ቀን ያለ ካሜራዋ ተለቀቀች፤ ፎቶ ቤቱም አሰናበታት። ጋሽ ሀብተወልድ ሃያ ሦስት ቀን ቆዩ። እሷ ከተፈታች ጀምሮ ስንቅ ታመላልስላቸው ነበር፤ ይቅር ብላቸው እንደሆነ ግን ራሷም አታውቅም ነበር። ፊልሙ በዚያው ሰሞን ከዘቢባ ስልክ ወደ ሌላ ስልክ እየተላለፈ ድሬዳዋ ገብቷል።

ሲፈቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ከስተዋል፤ ጢማቸው አድጓል።

«ልጄን ጠየቅሽልኝ?» አሏት።

«ሥራው ላይ ነው ጋሽ። ማንም አልነካውም።»

ባሉበት ቆሙ። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«ለካ ማስፈራሪያ ብቻ ነበር» አሉ። «ለባዶ ዛቻ አንድ ዓመት ጻፍኩ።»

ገሊላ የስንቁን ዕቃ ከእጃቸው ተቀብላ፣ በዝግታ እርምጃቸው ልክ እየተራመደች ወደ ሰፈራቸው ይዛቸው ሄደች።