ሩቁ ፓርክ ለሁለት ሰው

ሩቁን ፓርክ ፈልጎ የመጣን ሰው ቅርቡን አስይዞ በመሸኘት ባለቤቴን የሚስተካከላት የለም። ዕድሜ ልኳን የሠራችው ይህንኑ ነው። በጉዞ ወኪሉ ቢሮ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ደንበኛውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጉልበትዎ እንዴት ነው?" ትለዋለች። በቃ፣ አለቀለት። ጉልበቱ ደህና የሆነ ማን አለ?

ለቢሮውም ይህ ይሻለዋል። ሩቁ ፓርክ በትንሽ አውሮፕላን፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በጂፕ፣ ከዚያ ደግሞ በእግር ነው። ስልክ አይሠራም፤ ከአስጎብኚውና ከአውሬው በቀር ነፍስ ያለው አይታይም። ሄዶ የተመለሰ ወይ ለሳምንት ፈዞ ይከርማል፣ ወይ ቢሮ ድረስ መጥቶ ይጮኻል። ቅርቡ ግን ተራራ ነው፤ አስፋልቱ እስከ አናቱ ያደርስሃል። አናቱ ላይ መኪና ማቆሚያ፣ የብረት አጥር፣ መጸዳጃ ቤት፣ የተጠበሰ ድንች የሚሸጥ ካፌ አለ። እዚያ ሄዶ ስሞታ ይዞ የመጣ ሰው የለም።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። እሷን ያወቅኋት ደንበኛ ሆኜ ነው። ሩቁን ፓርክ ብዬ ገባሁ፤ ጉልበቴን ጠየቀችኝ፤ ቅርቡን ይዤ ወጣሁ፤ በዓመቱ አገባኋት። ለጫጉላችንም የሄድነው እዚያው ተራራ ነው። ሩቁን ባነሳሁ ቁጥር፣ ልጃችን ትንሽ ከፍ ትበል አለችኝ። ልጅቷ ከፍ ስትል ፈተና አለባት አለችኝ። ልጅቷ አግብታ ስትወጣ ደግሞ ጉልበቴ የምሩን መንቋቋት ጀመረ። እናም በየዓመቱ ተራራው ላይ እንወጣለን፣ ድንች በልተን እንወርዳለን። የዚያን አስፋልት ጉድጓድ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ሩቁን ነበር፤ እግሬ ጨርሶ ሳይከዳኝ አንዴ ብቻ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ሽኝቱ እዚያው ቢሮ ነበር፤ ጠረጴዛዎቹን ገፋ ገፋ አድርገው ኬክ አስቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ሳቅ ሳቅ እያለው አንድ ፖስታ ሰጣት። ሩቁ ፓርክ፣ ለሁለት ሰው፣ አውሮፕላኑን ጨምሮ። ልቤ ዘለለ፤ ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ልጅ ነው የዘለለው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ እንግዲህ አሁን እምቢ እንዳይሉን! ለእርስዎ ስትል ስንት ዓመት ሙሉ ተወችው። 'ባለቤቴ አይሆንለትም፣ እሱን ጥዬ ደግሞ አልሄድም' እያለች አንጀታችንን በላችው እኮ!"

ሰዉ አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ።  እሷ ኬኩን መቁረጥ ቀጠለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ቤት እንደገባን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጀመርኳት።

"እኔ ነኝ የማይሆንልኝ?"

"ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል ታዲያ?"

"ሩቁን ብዬ የመጣሁት እኔ! ያስቀረሽኝ አንቺ!"

"ቀስ በል፣ ጉልበትህን..."

"ጉልበቴን ተይልኝ! ደንበኛሽ አይደለሁም!"

 ካፖርቷን እንደለበሰች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም ንዴቱ ትንሽ በረድ አለልኝ። "እሺ፣ ያለፈው አለፈ። ቲኬቱ ይኸው። ጉልበቴን በፋሻ እጠቀልለዋለሁ። እንሂድ።"

የካፖርቷን ቁልፍ መነካካት ጀመረች።

"አውሬ ፈርተሽ ነው?"

"አይደለም።"

"አውሮፕላኑን?"

"አይደለም አልኩህ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ፖስታውን በእጇ አገላበጠችው። "እዚያ ስልክ የለም። ቴሌቪዥን የለም። ሰው የለም። ከጨለመ በኋላ አንድ ድንኳን ውስጥ እኔና አንተ ብቻ ነን።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ምን እናወራለን?"

በክፋት አይደለም ያለችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የምናወራውን በልቤ ፈለግሁ። ስለ ልጅቷ? ልጅቷ የነገረችንን ሁለታችንም እኩል ሰምተናል። ተራራው ላይ የምናወራው ትዝ አለኝ፤ የዚያችን ሴት ኮፍያ እይ፣ ያ ልጅ ሊወድቅ ነው፣ እነዚያ ተጣልተዋል መሰለኝ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ወሬ ያበደረን ሌላ ሰው ነው። ማእድ ቤት ያለው ፍሪጅ ሲያጓራ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ። ፍሪጅ ሲቆም ነው ቤቱ ጭር ማለቱ የሚታወቀው፤ ይህን ደንበኞቼ ሁሉ ይነግሩኛል። ሞተሩ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን።

በማግስቱ ፖስታውን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። በእሷ ቦታ የተተካችው ልጅ ወደ ቅርቡ ፓርክ ቀይሪልኝ ስላት ግራ ገባት።

"እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይገኝም እኮ።"

"ጉልበቴ ነው" አልኳት።

ተራራው እንደ ወትሮው በሰው ተጨናንቋል። ድንቹን በላን። አንድ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ከካፌው አስተናጋጅ ጋር ሲጨቃጨቅ አሳየችኝ፤ እኔም አየሁት አልኳት። ከብረቱ አጥር ጋ አንድ ወጣትና እጮኛው ፎቶ አንሱን ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ሳነሳቸው እርስ በርስ ተጣብቀው እየተሳሳቁ አስቸገሩኝ።

"እናንተንም እናንሳችሁ" አለ ልጁ።

አጥሩን ተደግፈን ቆምን።

"ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ!"

ጠጋ አልኩ።

"አሁንም ትንሽ! መሃላችሁ ባዶ ሆነ እኮ!"

ባለቤቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ያንን የቢሮውን ድምጿን። "ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ጉልበቱን ያመዋል። እንዲሁ አንሳን።"

ልጁም እንዲሁ አነሳን።