ተካልኝ በተጠየቀ ቁጥር

ሹፌሩ ተካልኝ ዘውገ ከጠፋ በኋላ፣ በጭነት ማመላለሻ ማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ፎቶግራፉ ፂም ማብቀል ጀመረ።

መጀመሪያ ያስተዋለችው ሚስቱ እታፈራሁ ናት። ፎቶውን የተነሳ ቀን ፂሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ነበር፤ ምላጩን ያቀበለችው እሷ ስለሆነች ታስታውሳለች። የጭነት መኪናው ከሚሌ ወዲህ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኝቷል። በሩ ተዘግቷል፣ ቁልፉ እንደተሰካ ነው፣ ጭነቱ አልተነካም። ሰውየው ብቻ የለም። ፖሊስ ፈለገ፣ የአካባቢው አርብቶ አደሮችም ፈለጉ፤ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እታፈራሁ ወሬ ለመጠየቅ አዳማ ወዳለው የማኅበሩ ቢሮ ትመላለሳለች። ፎቶው ያለበትን ገጽ ከፍታ ያሳየቻት የማኅበሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ሰሚራ ይማም ናት።

ሰሚራ አሠራሩን የምታስረዳው እንዲህ ነው። የወደብ ጥበቃ ማለፊያውን ለማየት የአንድን ሹፌር ገጽ ሲከፍት፣ ገጹን የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ብሮውዘሩ፣ ዋናውን ማሽን፣ ሰርቨሩን፣ ምስል ይጠይቃል። ሰርቨሩ የሹፌሩን ምስል ይሠራል፤ ከግርጌው ስሙንና የዕለቱን ቀን ይጽፍበታል፤ ይልከዋል፤ ይረሳዋል። የተላከው ምስል የትም አይቀመጥም። በተጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል። እንዲህ የተደረገው የትናንት ማለፊያ ይዞ ዛሬ ለመግባት የሚሞክር እንዳይኖር ነው። የሌሎቹ ሹፌሮች ምስል ሁሌም እንደተነሱት ሆኖ ይመጣል። ተካልኝ ግን የሚመጣው በተጠየቀበት ዕለት እንዳለ ሆኖ ነው።

«ዋናው ፎቶ የታለ?» አለች እታፈራሁ።

«እዚሁ አለ፤ እንደተላጨ። ሲላክ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?»

«ደጋግሜ አየሁት እትዬ። ምንም አልሆነም።»

አንድ ማክሰኞ ፀጉሩ ተቆርጦ መጣ። በግራ በኩል ተንጋዷል።

«ማናት የቆረጠችው?» አለች እታፈራሁ።

«ሴት መሆኗን በምን አወቁ?»

«ወንድ ቢሆን እንዲህ አይጫወትበትም ነበር። እኔን እንኳ መቀስ ይዤ አያስጠጋኝም! ይሁን ግድ የለም። ሰው አለው ማለት ነው።»

በሌላ ቀን በምስሉ ፋንታ ገጹን የተተረማመሱ ፊደላትና ምልክቶች ሞሉት። እታፈራሁ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ምን እያለ ነው?»

«ምንም። እሱ ራሱ ነው» አለች ሰሚራ። «ሰርቨሩ መጀመሪያ ‹የምልከው ምስል ነው› ብሎ መናገር አለበት። ካልተናገረ ብሮውዘሩ ጽሑፍ ይመስለዋል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ትላንት ስነካካ አንድ ባዶ መስመር ከላይ ትቼ ነበር።»

አስተካከለችው። ተካልኝ መጣ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ወደ እሱ የሚላክ ነገር የለም?» አለች እታፈራሁ። «ውኃም ባይሆን።»

«እኛ እንጠይቃለን፣ እሱ ይላካል። ወደዚያ የሚሄደው ጥያቄ ብቻ ነው።»

እታፈራሁ በጣቷ የምስሉን ግርጌ ነካች። «ይሄን ቀን ማነው ደረቱ ላይ የሚጽፍበት?»

«ፕሮግራሙ።»

«ፕሮግራሙን የሚያዘውስ?»

ሰሚራ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ቀኑን አጠፋች፤ በቦታው እታፈራሁ የነገረቻትን ጻፈች። «ተካልኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ምስሉ መጣ፤ ተካልኝ እንደወትሮው ፊት ለፊት ያያል። ሰሚራ ገጹን አደሰች። አሁን ዓይኑን ወደ ግርጌው ጥሎ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ የሱቅ መስኮት ላይ የተጻፈ ነገር ከውስጥ ሆኖ ለማንበብ እንደሚሞክር ሰው።

«ጽሑፉን ከኋላ ነው የሚያየው» አለች ሰሚራ። ጽሑፉን ገልብጣ መልሳ ጠየቀች።

ተካልኝ አንገቱን አቃንቷል። አፉ ተከፍቷል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተጻፈለት። መኪናው ደህና መሆኑ ተጻፈለት። ልጃቸው ትርንጎ መውለዷ ተጻፈለት። ጉልበቱን ያመው እንደሆነ ተጠየቀ። ምስሉ ስለማይንቀሳቀስ፣ ለአንድ ራስ መነቅነቅ ገጹን ሦስት ጊዜ ማደስ ያስፈልግ ነበር። ልጅቷ መውለዷን ባነበበ ጊዜ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ስለነበር፣ የዚያን ዕለት ምስል ማንነትን ለማረጋገጥ አያገለግልም። መውጫ እንዳለው ሲጠየቅ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ በሚቀጥለው ምስል ወደ ፊት ተመልሷል፤ በሚቀጥሉት ሁለቱ ራሱን ነቀነቀ። የለም ማለቱ ነው።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ግርማቸው በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ሰሚራ ክፍል ገቡ። ወደብ ላይ ምስሎቹ በጣም እየዘገዩ ሹፌሮቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው እንደሚውሉ ተናገሩ። ከሰኞ ጀምሮ የእያንዳንዱ ሹፌር ምስል አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ የሚላከው የተቀመጠው ይሆናል።

«ተካልኝ ከተቀመጠ በዚያው ቀረ» አለች ሰሚራ።

«ተካልኝማ ጭራሽ አይቀመጥም። ሥራ ላይ የሌለ ሹፌር ገጹ ይዘጋል፤ ቦርዱ ወስኗል።»

እታፈራሁ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አቶ ግርማቸው ያዩዋት ከተናገሩ በኋላ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ወይዘሮ እታፈራሁ፣ አላየሁዎትም።»

«አየሁዎት እኔ።»

«ከእሱ ጋር ስንት ዓመት እየነዳን አሰብ ተመላልሰናል። ጨክኜ እንዳይመስልዎት።» ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ተካልኝን ተመለከቱ። ተካልኝ ደግሞ ወደ ግርጌው ይመለከታል። «ፀጉሩን ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ። ከዚያም እስከ ነገ ማታ ማሽኑ የእነሱ እንደሆነና የፈለጉትን ሊሠሩ እንደሚችሉ ነግረዋቸው ወጡ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እታፈራሁ የተካልኝን የክረምት ጃኬት በፌስታል ይዛ መጣች።

«ይሄ ሥዕል ለምንድነው ትንሽ የሆነው?» አለች።

«ለመታወቂያ ስለሆነ። ከትከሻ በላይ ይበቃል።»

«ሰው በዚህ አይወጣም።»

«አይወጣም።»

«በር የሚያክል አድርጊው።»

ሰሚራ ቁመቱንና ወርዱን የሚወስኑትን ቁጥሮች ለወጠች። «ምን ልጻፍለት?»

«‹ውረድ› በይው። ሌላ ነገር አታብዢበት።»

ሰሚራ ገልብጣ ጻፈችው፤ ከዚያ ጠየቀች።

ምስሉ ትልቅ፣ የኢንተርኔት መስመሩ ደካማ ስለነበር ከላይ ወደ ታች በዝግታ ይመጣ ጀመር። ግራጫ ግድግዳ መጣ። ራሱ መኖር በነበረበት ቦታ ግድግዳ መጣ። በትከሻው ቦታም ግድግዳ መጣ። አቶ ግርማቸው ገብተው በር ላይ ቆመዋል።

«የት ሄደ?» አሉ።

የወንበር መደገፊያ መጣ። መቀመጫው ባዶ ነው፤ መቀስ ተቀምጦበታል። የወንበሩ እግሮች መጡ፤ ቀጥሎ የሲሚንቶ ወለል። ወለሉ ላይ የተቆረጠ ፀጉር ተበትኗል። ከዚያ የተገለበጠው ጽሑፍ መጣ። ከጽሑፉ ግራና ቀኝ የሁለት እጅ ጣቶች የምስሉን የታች ጠርዝ ይዘዋል። ከታች የተንጠለጠለ ክብደት ስለያዙ ጥፍሮቹ ነጥተዋል።

ምስሉ በዚህ ማለቅ ነበረበት። ሰሚራ የሰጠችው ቁመት እዚያ ላይ ያበቃል። ብሮውዘሩ ግን ገና እየተቀበለ መሆኑን ያሳያል።

«እትዬ፣ ገና እየላከ ነው።»

እታፈራሁ ተነሳች። ኪቦርዱን ወደ ጎን ገፋ አደረገች፣ ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ሁለት መዳፎቿን ከስክሪኑ ሥር አቀረበች። ሹፌር ከጋቢና ሲወርድ ዕቃውን የሚቀበሉት እንደዚያ ነው።

ቀጣዩ የምስሉ መስመር ከስክሪኑ ጠርዝ በታች፣ መዳፎቿ ላይ መጣ።