ከሁለተኛው ጃቫ ጎን ያለችው ኮከብ

«ፕሮግራሙ አሁንም እምቢ አለ!» አሉ የላቦራቶሪ ኃላፊዋ በሩን በክርናቸው ገፍተው እየገቡ። «ከጠዋት ጀምሮ አንድ ውጤት አልወጣም። በሽተኛው ኮሪደሩን ሞልቶ ቆሟል፤ ጥሬዬን ሊበላኝ ነው።»

«እያየሁት ነው፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ ከማብሪያው ሌላ የነካሁት የለም፣ የኔ ልጅ።»

የሆስፒታሉ ፕሮግራመር ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። የሦስት ሰው ሥራ ብቻዋን መሸከም ከጀመረች ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ቃል እንኳ መቆጠብ ለምዳለች። የተጫኑትን ነገሮች ዝርዝር ከፈተች። ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ፕሮግራሞቹን የሚያስኬደው ጃቫ በሁለት ቅጂ ተጭኗል፤ አንደኛው አሮጌው፣ ሁለተኛው አዲሱ። የተመረጠውን የምታመለክተው ኮከብ ከሁለተኛው ጎን ተቀምጣለች።

ክው አለች።

ትናንት ከሥራ መውጫ ላይ አዲሱ የቀጠሮ ፕሮግራም አልነሳም ሲላት፣ ማሽኑ የትኛውን ጃቫ እንደሚጠቀም ጠይቋት ነበር። ሁለት ቁጥርን ተጭና አውቶቡሷ ላይ ለመድረስ ሮጠች። ለአንድ ፕሮግራም የመረጠች መስሏት ለማሽኑ ሁሉ ነበር የወሰነችው። ጡረታ የወጣ ባልደረባዋ የሠራው የላቦራቶሪ ፕሮግራም ደግሞ ከአሮጌው ሌላ አያውቅም።

አሁን አንድ ቁጥርን ብትጫን ላቦራቶሪው ይነሳል፣ ቀጠሮው ይወድቃል። ስለዚህ ምርጫውን እንዳለ ትታ፣ የላቦራቶሪውን ፕሮግራም ማስነሻ ፋይል ከፈተችና የአሮጌውን ጃቫ ሙሉ አድራሻ ጻፈችበት። ሁሉም ወደየራሱ ይሂድ። ከኮሪደሩ ማዶ ፕሪንተሩ አቃሰተ።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ!» ብለው ሴትዮዋ ሮጡ።

ስልኩ ጮኸ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ነበር። «የብልሽቱን ሪፖርት አሁኑኑ ላኪልኝ። ጥፋተኛዋ ያቺ የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ከሆነች ሦስተኛ ጥፋቷ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላታል።»

«እሺ» ብላ የሪፖርቱን ቅጽ ከፈተች።

በክፍላቸው ልማድ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚለው ሳጥን ሁልጊዜ የሚሞላው በሁለት ቃል ነው፤ የተጠቃሚ ስህተት። ያሳጥራል፤ ጥያቄም አያስከትልም። የሴትዮዋን ያለፉት ሁለት ሪፖርቶች የሞላችውም ፕሮግራመሯ ራሷ ናት፣ ምክንያቱን ለመፈለግ ጊዜ ስላልነበራት። ጣቶቿ ዛሬም ሳታዛቸው ያንኑ ጻፉ።

ጥቂት አየችው። ከዚያ ፊደል በፊደል አጠፋችና በቦታው «የእኔ ስህተት» ብላ ስሟን ጻፈች፤ ድካሙ ሐሳቧን ሳያስለውጣት ላከችው።

ከዚያም የቀድሞዎቹን ሁለት ሪፖርቶች ከፈተች።